ያልተሰበሩት ምስሎች፦ ከጄኔቭና ከዙሪክ እስከ ቤተ ጎልጎታ

ባለፈው ዓመት ጄኔቭ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አንድ ጥያቄ አነሣች። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር የሳን ፒየርን ካቴድራል ጎብኝታ መመለሷ ነበር። «እነሱ ጋ ዓምዱ ላይ ሰውና አውሬ ተቀርጿል፤ እኛስ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ?» አለች፤ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡ አንድ የተከበሩ አባት ሳያመነቱ መለሱላት፦ «የለም ልጄ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል አትቀበልም፤ ጣዖት ነው።» ልጅቷም «እሺ አባባ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ለሽማግሌ አክብሮት ነው ብዬ ራሴን ማታለል እችል ነበር፤ እውነቱ ግን መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አለማወቄ ነው። ስንቶቻችን ነን በባዕድ አገር ለተወለዱ ልጆቻችን ስለ አገራቸው «የለም» የሚል መልስ የሰጠነው፣ ሳንመረምር? ይህ ጽሑፍ ያንን ዝምታ ለማካካስ የተጻፈ ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ልጅቷ ያየችውን ልይ ብዬ ሳን ፒየር ገባሁ። እንደሚታወቀው ይህ ቤተ ክርስቲያን በዓለም ዘንድ የሚታወቀው በካልቪን ነው። የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚመስለው ፊቱ በ18ኛው መቶ ዘመን የተቀጠለ ስለሆነ፣ ከውጭ ለሚያየው የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ አይመስልም። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ግንባታው በ1160 ገደማ ተጀምሮ እስከ 13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የዘለቀ ሲሆን፣ የዓምዶቹ ራሶች ለስላሳ በሆነው በአካባቢው የአሸዋ ድንጋይ የተቀረጹ ናቸው። አንገት ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሁለት የዓሣ ጅራት ያላት ሴት፣ አንበሶች፣ ከአውሬም ከወፍም የተዳቀሉ ፍጥረታት፣ በቅጠል መካከል ብቅ ያሉ የሰው ፊቶች ይታያሉ። ከብሉይ ኪዳን ሰዎችም መልከ ጼዴቅ አለ። መልከ ጼዴቅን በዚያ ከፍታ ላይ ሳገኘው፣ እውነቴን ነው፣ ባዕድ አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚነሣው። ይህ እኮ ምስል ተሰባብሮ ያለቀበት ቤተ ክርስቲያን ነው! ነሐሴ 8 ቀን 1535 ጊዮም ፋሬል የተባለው ሰባኪ በሳን ፒየር ሰበከ። በዚያው ቀን ሕዝቡ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ገብተው የቅዱሳኑን ምስሎች ሰባበሩ፤ መሠዊያዎቹን አፈራረሱ። ከሁለት ቀን በኋላ የከተማው ምክር ቤት ቅዳሴ እንዲቆም አዘዘ፤ በግንቦት 1536 ደግሞ ከተማዋ ተሐድሶውን በይፋ ተቀበለች። ካልቪን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው። ታዲያ የዓሣ ጅራቷ ሴት እንዴት ተረፈች? ጴጥሮስና ጳውሎስ ሲሰበሩ እርቃኗን የቆመች ግማሽ ዓሣ ማን አዳናት?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ነው» የሚል ነው። ወይም «የዓምድ ራስ ቢሰበር ጣራው ይወርዳል» ይላሉ። ሁለቱም አያጠግቡም። መሰላል በ1535 ነበረ። የዓምዱን ጉልበት ሳይነኩ የቅርጹን ፊት ብቻ በመሮ መጥረብም አያቅትም። በፈረንሳይና በኔዘርላንድ ራሳቸውን ያጡ ስንት ቅርጾች አሉ! መልሱን ለማግኘት ወደ ዙሪክ መሄድ ግድ ሆነብኝ። በባቡር ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ዙሪክ ከጄኔቭ አሥራ አንድ ዓመት ቀድማለች፤ ሥራውንም በሥርዓት ሠርታዋለች። ዝዊንግሊ በግሮስሙንስተር መስበክ የጀመረው በጥር 1519 ነው። በመስከረም 1523 ክላውስ ሆቲንገር የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በከተማው ዳር የቆመ ትልቅ ስቅለት ነቅሎ ጣለ፤ ምክር ቤቱም ያለ ፈቃድ ስላደረገው ከከተማ አባረረው። በኋላ ካቶሊክ በነበረችው ሉሰርን ተይዞ ተገደለ። ምስል መነቀል አለበት የሚለውን ሐሳብ ዙሪክ ተቀብላዋለች፤ የማይፈቀደው ማንም ተነሥቶ በራሱ ሥልጣን መንቀሉ ነበር። በሰኔ 1524 ምክር ቤቱ ራሱ ትእዛዝ ሰጠ። ቀሳውስት፣ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ያሉበት ቡድን ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየሄደ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጨረሰው። ምስሉን በገንዘቡ ያሠራ ቤተ ሰብ መጥቶ ወደ ቤቱ እንዲወስድ ተፈቅዶለት ነበር። ከዚያ ግድግዳው በኖራ ተቀባ። ዝዊንግሊም በነጣው ግድግዳ እጅግ ተደሰተ።

እኔ የአብዮት ዘመን ልጅ ነኝና ይህን ሳነብ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ግን ከርእሴ እንዳልወጣ ልለፈው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ ብያለሁ። እንግዲህ መሮና መዶሻ የያዘ ባለሙያ፣ በር ተዘግቶለት፣ ቀን ተሰጥቶት፣ በግሮስሙንስተር ዓምዶች ላይ ያሉትን ሰዎች አልነካቸውም። ሕንጻው ከ1100 እስከ 1220 ገደማ የተሠራ ነው። በአንዱ ዓምድ ራስ ላይ ሰዎች በሰይፍ ሲጋደሉ ይታያል። በሌላው ላይ፣ እንደሚተረጎመው ከሆነ፣ ንጉሡ ታላቁ ካርል የከተማይቱን ሰማዕታት መቃብር ሲያገኝ ተቀርጿል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ አንድ ፈረሰኛ አለ። በአጥር ግቢው ውስጥ ባለው ቅስታማ መተላለፊያ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ፈርሶ እንደገና በተገጣጠመው፣ አፉን የከፈተ አውሬና ምላሱን ያወጣ ሰው ሞልቷል። የታላቁ ካርል ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠራው፣ ዛሬም በምድር ቤቱ ተቀምጧል፤ ቅጂው በደቡቡ ማማ ላይ ሰይፉን በጉልበቱ አጋድሞ ከተማይቱን ይመለከታል። ሰይፍ የያዘ ንጉሥ ተረፈ፤ መስቀል የያዘ ቅዱስ ግን ተነቀለ።

በበኩሌ ከዚህ ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም፦ ሰባሪዎቹ የጠሉት ድንጋዩን ሳይሆን በድንጋዩ ፊት የሚበራውን ሻማ ነው። ለዓሣ ጅራቷ ሴት የተሳለ የለም። ለፈረሰኛው የሰገደ የለም። ስለዚህ ዛሬ በስዊስ ዓምዶች ላይ የምናያቸው የመካከለኛው ዘመን ቅርጾች የተረፉት ማንም ስላልጸለየባቸው ነው። ይህንም የሚያጠናክርልኝ ኋላ የተደረገው ነው። ጄኔቭ በ1909 ጀምራ በ1917 ያስመረቀችው የተሐድሶ ግንብ ላይ ፋሬል፣ ካልቪን፣ ቤዝና ኖክስ አምስት ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው የድንጋይ ምስሎች ሆነው ቆመዋል። ዙሪክም በ1885 ለዝዊንግሊ ሐውልት አቁማለታለች። የምስል ሰባሪዎች ምስል! ማንም አይሰግድላቸውምና አያስፈራም።

የዝዊንግሊ ሐውልት የቆመው በወንዙ ዳር በምትገኘው ቫሰርኪርኸ በምትባል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ቦታው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ነገር ይነግረናል፤ ትንሽ ልቆይበት። በዙሪክ ትውፊት፣ ፊልክስና ሬጉላ የተባሉ ወንድምና እህት፣ ከአገልጋያቸው ከኤክሱፐራንቲዩስ ጋር፣ በዚህች ስፍራ አንገታቸው ተቀልቷል። ከተቀሉም በኋላ የተቆረጠ ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው አርባ እርምጃ ዳገቱን ወጥተው፣ ዛሬ ግሮስሙንስተር ባለበት ተቀበሩ ይባላል። የከተማይቱ የጥንት ማኅተም ራሳቸውን በእጃቸው የያዙ ሦስት ሰማዕታት ነው። ከየት የመጡ ናቸው? ከቴባን ጭፍራ፤ ማለትም ከላይኛው ግብጽ ከቴብስ! ይህን ዜና የሚናገረው ጽሑፍ ከ8ኛው መቶ ዘመን በፊት አይደርስም፤ ታሪክ ነው ብዬ ልከራከር አልችልም። ቢሆንም ዙሪክ ለሺህ ዓመት ያህል የከተማነቷን መነሻ በአፍሪካውያን ክርስቲያኖች መቃብር ላይ መሥርታ ኖራለች። እኛም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳሳችን ከዚያችው ከግብጽ ይመጣልን ነበር። በዓላቸው የሚውለው በመስከረም 11 ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር የእኛ መስከረም 1፣ እንቁጣጣሽ። በዙሪክ የሚኖሩ ግብጻውያን ኦርቶዶክሶች እነዚህን ሰማዕታት የራሳቸው አድርገው ያከብሯቸዋል። የራስ ቅላቸው የተባለው በተሐድሶው ጊዜ ከመቃብሩ ሲወጣ ወደ ተራራማው አንደርማት ተወሰደ፤ ዛሬም እዚያ ነው። በመቃብራቸው ላይ ሻማ ይበራ ነበርና መቃብራቸው ተከፈተ፤ በዓምዱ ራስ ላይ ያሉትን ግን የነካቸው የለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። እኛስ ጋ አለ ወይ?

አለ። ያውም በዚያው ዘመን። የሳን ፒየር ጠራቢዎች የዓሣ ጅራቷን ሴት ሲቀርጹ፣ በላስታ ሮሐ የንጉሥ ላሊበላ ሰዎች ቀይ የእሳተ ገሞራ ዓለት እየቆረጡ ነበር፤ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ። በቤተ ማርያም የምዕራቡ በር መግቢያ በላይ፣ ከግድግዳው ወጣ ብለው የተቀረጹ ሁለት ፈረሰኞች አውሬ ሲወጉ ይታያሉ። የዙሪኩ ፈረሰኛ አንድ ነው፤ የእኛዎቹ ሁለት! በቤተ ጎልጎታ ግን ከዚህ የሚበልጥ አለ። በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩ ቅስቶች ሥር፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ፣ ከዓለቱ ጋር አንድ የሆኑ ሰባት ቅዱሳን ቆመዋል። ከእሱ ጋር በተያያዘው በሥላሴ ቤተ መቅደስም ከዓለቱ ያልተለየው መንበር ላይ አራቱ እንስሳ ተቀርጸዋል። የጎልጎታዎቹ ምስሎች ከንጉሡ ዘመን ናቸው ወይስ ኋላ የተጨመሩ የሚለው ሊቃውንቱን ያከራክራል። ሆኖም በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ የታተመው፣ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዓለቱ የወጡ የጴጥሮስና የዮሐንስ ምስሎችን እንዳየና ሕዝቡም እጅግ እንደሚያከብራቸው መዝግቧል። ምስሎቹ ቢያንስ 500 ዓመት አላቸው ማለት ነው፤ የሚከበሩም ነበሩ።

ከዚያ በፊት ብንሄድም ባዶ እጃችንን አንመለስም። በአክሱም አጠገብ በጎቤድራ ዓለት ላይ የተቀረጸችው እንስት አንበሳ አለች። የደብረ ዳሞ ጣራ በእንጨት በተቀረጹ እንስሳት ተሞልቷል። ስለዚህ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅርጽ አትቀበልም» የሚለው አባባል እውነትነት የሌለው ባይሆንም፣ በደንብ መጠበብ አለበት። በቤተ ክርስቲያናችን የሚበዛውና ሥርዓት የወጣለት ሥዕል ነው፤ ቅርጽ ብርቅ ነው። ብርቅ መሆንና መከልከል ግን ለየቅል ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ በ1992 አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ፣ ግራሃም ሃንኮክ፣ ላሊበላን የሠሩት ከኢየሩሳሌም የመጡ የአውሮፓ ቴምፕላሮች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ጽፎ ብዙ መጽሐፍ ሸጧል። ይህን የሚያምን ሰው ካለ አንድ ቀን ሳን ፒየር፣ በማግሥቱ ቤተ ማርያም ይግባ። የአውሮፓ ጠራቢ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀምጦ ይቀርጻል፤ ከተበላሸበት ጥሎ ሌላ ያመጣል፤ ሲያልቅ በገመድ ስቦ ከዓምዱ ላይ ይሰካዋል። የላስታው ሰው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። የሚለውጠው ድንጋይ የለውም፤ አፍንጫ ቢገመስበት አፍንጫ የሌለው ቅዱስ ለዘላለም ይቀራል። ሁለቱ ሙያዎች ሁለት የተለያዩ የእጅ ልምዶች ናቸው። በቤተ ማርያም ያሉት የዓምድ ራሶችና መስኮቶችም የሚከተሉት ከአክሱም የወረደውን የእንጨትና የድንጋይ ሕንጻ ልማድ እንጂ የበርገንዲን አይደለም።

የእኛ ምስሎችስ ፈተና አልገጠማቸውም? ገጥሟቸዋል። ጄኔቭ ምስሎቿን በሰበረችበት በ1535 አክሱም ጽዮን በኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር ተቃጠለች። የዘመቻውን ዜና የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በ1533 ኢማሙ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘና እንዳቃጠለ ይተርካል። ላሊበላ መሆን አለመሆኑ ግን ያከራክራል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ዐረብ ፈቂህ የጠቀሰው አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፣ ላሊበላ ግን አሥራ አንድ አለው ብሎ ተጠራጥሯል። የጎልጎታዎቹ ግን ዛሬም ቆመዋል።

የሚበልጠው ፈተና ከውስጥ የመጣው ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ መስገድን እምቢ አሉ፤ ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ደግሞ ለሥዕለ ማርያም መስገድን በአዋጅ የደነገገ ንጉሥ ነው። የደረሰባቸውን ግርፋትና የአካል መቆረጥ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2004 «ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ መልሰው ባሳተሙት ገድላቸው አንብበናል። መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ በስደት ያለነው ምሁራን አባ እስጢፋኖስን «የእኛ ሉተር» ማለት ለምደናል። ዝዊንግሊ ማለትም ይቻል ይሆናል። እኔ ግን ንጽጽሩ የማይሄድበት ቦታ እንዳለ አያለሁ። የእስጢፋኖሳውያን ዋና ገዳም የነበረችው ጉንዳ ጉንዶ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የብራና ሥዕል ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚጠራ የራሱ ስልት ያለው የሥዕል ቤት ነበረች። ለሥዕል አይሰግዱም ተብለው የተገረፉት ሰዎች ልጆች ሥዕል ሳሉ! ለሥዕል አለመስገድና ሥዕልን ማጥፋት ለእነሱ አንድ አልነበረም። ዙሪክ በሁለት ሳምንት ያልቻለችውን ልዩነት እነሱ በመከራ ውስጥ ሆነው ጠብቀውታል።

ስለዚህ የእኛና የስዊሶቹ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የእነሱ ቅርጾች የተረፉት ማንም ስላልጸለየባቸው ነው፤ የጎልጎታዎቹ ግን እየተጸለየባቸው ነው የኖሩት፤ ከመጋረጃ በስተጀርባ፣ በዕጣን ጢስ ጠቁረው። በ1978 ላሊበላ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ዓለም የወደደው ሕንጻውን ነው። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ ላይ፣ ቤተ ማርያምን ጨምሮ፣ ከዝናብ እንዲከልል ትልቅ የብረት መጠለያ ቆመ፤ በ2018 ደግሞ የከተማው ሕዝብ መጠለያው ራሱ ሊወድቅብን ነው ብሎ ሰልፍ ወጣ። በ2021 ከተማይቱ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር እዚህ ጄኔቭ ሌሊት ሌሊት ስልክ ስንደውል ያደርነው ለዓለት አልነበረም፤ እዚያ ለሚያስቀድሱት ነበር። አንድ ቀን ባለሙያዎች መጥተው «እነዚህ ሰባት ቅዱሳን ጢሱ እየጎዳቸው ነው፤ ዕጣኑ ይቁም» ቢሉ ምን እንመልሳለን? ዕጣኑ ከቆመ ጎልጎታ እንደ ሳን ፒየር ይሆናል፤ አንገት ቀና አድርገው የሚያዩት። ካልቆመ ደግሞ ድንጋዩ ያረጃል። እኔ ለዕጣኑ አደላለሁ፤ ይህን የምለው ግን ከሩቅ ሆኜ እንደሆነ አልዘነጋሁም።

ከዙሪክ ስመለስ ለልጅቷ የሚሆን መጽሐፍ ይዤ ነበር። ጌኦርግ ጌርስተር የሚባል የቪንተርቱር ተወላጅ ፎቶግራፈር በ1968 ስለ ኢትዮጵያ የዓለት አብያተ ክርስቲያናት ያሳተመው ነው፤ ጀርመንኛ ነውና ሥዕሉን ብቻ እንድታይ። በሚቀጥለው እሑድ፣ መጀመሪያ ወደ አባታችን ቀርቤ «አባቴ፣ ባለፈው ለልጅቷ የመለሱላትን ነገር በተመለከተ፣ ፈቃድዎ ከሆነ…» ብዬ የጎልጎታውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ስሙን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» አሉና ልጅቷን ራሳቸው ጠሯት።

እሷም አየችና «መቼ ነው ሄደን የምናየው?» አለች። ይኼኔ ነው ችግር የገጠመኝ። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴት አትገባም። ከጎኑ ካለው ከደብረ ሲና ድረስ ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ በር አለ። የዓሣ ጅራቷን ሴት በጄኔቭ ያየች ልጅ፣ የራሷን ቅዱሳን የምታያቸው በስዊስ ሰው ፎቶግራፍ ነው። ይህን ስነግራት ተናደደች፤ መናደዷንም አልፈርድባትም። አባታችን ስለ ሥርዓቱ ሊያስረዷት ጀመሩ። እናቷ፣ ላስታ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ከሲኒው ቀና ብላ «እኔ ልጅ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ ተሳልሜያለሁ» አለች። ልጅቷ «ምን አየሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«መጋረጃውን» አለች እናቷ። ከዚያ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ገጹን ሳትገልጥ፣ ሰባቱን አንድ በአንድ በጣቷ ትቆጥር ጀመር።